ነጥብ፣ ወረዳ፣ ዶርም፦ ብዝኃነት በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ውስጥ ምን ይሠራል?

ደሴ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ቡና ቶሎ አይነሣም። አቦል ላይ የተጀመረ ወሬ ቶናን አልፎ በረካ ድረስ ይዘልቃል፤ ወሬውም ያው ነው፦ ማን ስንት አመጣ፣ ማን አለፈ፣ ለማን ሬሜዲያል (ግማሹን ነጥብ ላላመጡ የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ደረሰው። እንዲህ ባለ ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን ስኒውን እያቀበሉኝ «አንተ መምህር ነህ፣ እስቲ ይኼን ፍታልኝ» አሉ። «አፋር፣ ሎጊያ የሚነግደው ወንድሜ ነው የነገረኝ። እዚያ የጎረቤቱ ልጅ ከኔው ልጅ በሰባት ነጥብ አንሳ ሬሜዲያል ገባች፤ የኔው ቤት ቀረ። ወላሂ አልቀናሁባትም። ግን ይኼ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?»

«አብሽሩ እትዬ» ብዬ ጀመርኩ። በረካው አልቆ ረከቦቱ ሲነሣ ግን እኔ ገና መግቢያው ላይ ነበርኩ። ያን ቀን ያልጨረስኩትን እዚህ ልሞክረው።

ነገሩን የሚያወሳስበው አንድ ቃል ነው። «ብዝኃነት» ስንል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት እንከታለን። አንዱ የመነሻ ጥያቄ ነው፤ ልጆች ከእኩል ቦታ ካልተነሡ መድረሻው ላይ በአንድ ገመድ መለካት ፍርድ ነው ወይ? ሌላው የክፍሉ ጥያቄ ነው፤ ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ አገራቸው የተለያየ ልጆች አንድ ላይ ቢማሩ ትምህርቱ ራሱ ይሻሻላል ወይ? የመጀመሪያው ስለ ተጎዳው ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሁሉም ተማሪ። ጎረቤቴ የጠየቁት የመጀመሪያውን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን የሁለተኛው ነው፤ ለዚህም ነው ክርክሩ የማይገጥመው። አንዱ ስለ በደል ሲያወራ ሌላው ስለ አብሮነት ይመልስለታል።

ነጥቡ ምን ይለካል?

አሁን ባለው አሠራር ፈተናው ከ600 ይታረማል፤ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹን፣ ማለትም 300 ማምጣት ግድ ነው። ይህ የግማሽ መስመር የተሰመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ነው፤ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስገብቶ መፈተንም የተጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ እንደ ዩኒቨርሲቲዎቹ የመቀበል አቅም ከፍ ዝቅ ይል ነበር። በ2014 ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ 3.3 ብቻ ሆነ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4።

እነዚህን ቁጥሮች ሁሉም ሰምቷል። እኔን ከእነሱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ አብሮ የወጣው ሌላው ነገር ነው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። አንድ ልጅ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ልጅም ሊሰንፍ ይችላል። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ግን ስንፍና ማብራሪያ መሆኑ ያበቃል። ነጥቡ ልጁን ብቻ ሳይሆን ልጁ የተቀመጠበትንም ወንበር እየለካ ነው ማለት ነው።

ወንበሩ ምን እንደሚመስል ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ቢሆንም ልበል። የደላንታ ወይም የሳይንት ገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ወረዳው ከተማ ወርዶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ቤቱ ሄዶ የሳምንት ስንቁን፣ ቆሎውንና በሶውን ተሸክሞ እሑድ ማታ ይመለሳል። ፊዚክስ የሚያስተምረው ሰው በመንፈቁ ለቆ ሊሆን ይችላል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚኖረው እኩያው ግን ትምህርት ቤት ሲወጣ አስጠኚ ይጠብቀዋል፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቴሌግራም ይደርሱታል። ሁለቱም 280 ቢያመጡ ወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው። እኔ ግን የመጀመሪያው 280 ከሁለተኛው የከበደ ነው እላለሁ፤ ሁለቱን አስተምሬ አይቻቸዋለሁ።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። የ2013 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2014 ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር መባቻ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ቀጠና ነበሩ፤ ልጆቻችን ፈተና ላይ ሳይሆን ስደት ላይ ነበሩ። በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከጦርነቱ በፊት የነበረው ቤተ ሙከራ፣ ኮምፒውተርና መጽሐፍ ግን በብዙ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። የወሎ ዩኒቨርሲቲም ከዘረፋውና ከውድመቱ አልተረፈም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኛ አገር ልዩ ድጋፍ መሠረቱ የመነሻው ጥያቄ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች ከታሪክ የወረሱት የበታችነትና የልዩነት ቅሪት እንዲታረም በተጨማሪ የድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ በኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች ነገርም አንቀጽ 41 ላይ አለ። ልብ በሉ፤ አንዳቸውም «ክፍሉ የተቀላቀለ ቢሆን ትምህርቱ ይጣፍጣል» አይሉም። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ቀረ ዕዳ ነው።

በተግባር ድጋፉ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ግማሹ መስመር ላይ ሳይሆን ከሱ በታች ነው። ግማሹ ለሁሉም አንድ ነው። እሱን ያልደረሱት መካከል የተሻሉት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ እኛ ሬሜዲያል የምንለው፣ ይገባሉ። ለሬሜዲያል የሚቆረጠው ነጥብ ነው ለሴቶች፣ ታዳጊ ክልሎች ተብለው ከሚታወቁት ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ እንዲሁም ከአርብቶ አደር አካባቢ ለሚመጡ፣ ማየት ለተሳናቸውም ዝቅ የሚለው። የሎጊያዋ ልጅ የገባችው በዚህ በር ነው። ሴትም ናት፣ የአፋር ክልል ተፈታኝም ናት።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። «አፈርማቲቭ» የሚባለው ልዩ ድጋፍ የሚጨመረው በሩ ላይ እንጂ ውስጥ በሚሰጠው ፈተና ውጤት ላይ አይደለም። ሬሜዲያል የገባች ልጅ ለወራት ተምራ ተፈትና ማለፍ አለባት፤ ካለፈች በኋላ ነው ፍሬሽማን፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ የምትባለው። የካልኩለስ መምህር ፈተና ሲያርም የልጅቷን ክልል አያይም። ስለዚህ «በድጎማ የተመረቀ ሐኪም» የሚባለው ነገር ከአሠራሩ ጋር አይገጥምም፤ የተደጎመው መንገዱ እንጂ ዲግሪው አይደለም።

ስለ ሴቶቹ ትንሽ ልጨምር፤ እኛ ሰፈር «ሴት ስለሆነች ነጥብ ጨመሩላት» የሚባለው አባባል ስለሚያናድደኝ። ወሎ ውስጥ ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ሴት ተማሪ ጋር ትምህርት ከጀመሩት ስንቶቹ ጅዳ ናቸው፣ ስንቶቹ ቤሩት፣ ስንቶቹ ተድረዋል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የዘለቀችዋ ቀድሞውኑ አንድ ፈተና አልፋለች፤ ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ማታ ሊጥ አቡክታ፣ ከዚያ ነው ደብተር የምትከፍተው። ጨመሩላት ከምንል ከተወሰደባት ላይ ጥቂቱን መለሱላት ብንል ሒሳቡ ይቀርባል።

አሜሪካኖቹ የሚጣሉት በሌላ ነገር ነው

ኢንተርኔት ላይ የምናነበው ክርክር አብዛኛው ከአሜሪካ የተቀዳ ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ይበጃል። እዚያ ተማሪ የሚመርጠው ሚኒስቴር ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፤ ነጥብ ብቻ ሳይሆን ድርሰት፣ የምስክር ደብዳቤ፣ ስፖርት ሁሉ ያያል። በካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታ 16ቱን ለአናሳ ዘሮች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ኮታ ሻረ። ዘርን ግን ከብዙ መመዘኛዎች እንደ አንዱ ማየት ይቻላል አለ። ምክንያቱ ምን ነበር? የቆየ በደልን መካስ አይደለም፤ የተማሪዎች መለያየት ለትምህርቱ ለራሱ ይጠቅማል የሚል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ፊት ሊያነሡት የቻሉት ክርክር የክፍሉ ክርክር ብቻ ሆነ፤ የመነሻው ክርክር ከእጃቸው ወጣ።

ይህ ምክንያት 45 ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመጡ ሁለት ጉዳዮች ፍርድ ቤቱ ለአናሳ ዘሮች ከ150 ነጥብ 20 በጅምላ መስጠትን ከልክሎ፣ እያንዳንዱን አመልካች ለብቻው እያነበቡ ዘሩንም ማገናዘብን ፈቀደ። በ2023 ሰኔ ደግሞ በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ጉዳይ ያንንም ዘጋው። የቀረው ቀዳዳ፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን ነገር በድርሰቱ ሊጽፍ መቻሉ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ፍርድ ተነሥቶ «አሜሪካም ትታዋለች፣ እኛም እንተው» የሚል ሰው ያልተመሳሰለ ነገር እያመሳሰለ ነው። እነሱ የተዉት የክፍሉን ምክንያት ነው፤ የኛ ሕግ የቆመው በመነሻው ምክንያት ነው። የኛን ማፍረስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ድንጋይ መፈለግ አለበት። ድንጋዩ ደግሞ አለ፤ እኔው ላቀብለው።

ክልል ነው ወረዳ?

የኛ ድጋፍ ደካማ ጎን መለኪያው ነው። ክልልን ያህል ሰፊ ነገር እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል። ሰመራ ወይም አሶሳ ከተማ ውስጥ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረ የባለሥልጣን ልጅ «ታዳጊ» በሚለው ስም ስር ይገባል። ዋግ ኽምራ ውስጥ ድርቅና ጦርነት ተፈራርቀውበት ዛፍ ስር የተማረ ልጅ ግን ክልሉ አማራ ስለሆነ አይገባም። የባቲ ቆላ ልጅና የአፋር ጎረቤቱ ሰኞ ሰኞ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ፀሐዩም፣ ድርቁም፣ የመምህር እጥረቱም አንድ ነው። በመካከላቸው ያለው የክልል ወሰን ነጥባቸውን ሲለያየው ማየት ለማንም ይከብዳል።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ በማዕከላዊ ተቋሞቿ ከመቀመጫው 15 በመቶውን ካስት በሚባለው በውልደት በሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት ለተገፉት፣ 7.5 በመቶውን ለነባር ጎሳዎች፣ 27 በመቶውን ለሌሎች ወደኋላ ለቀሩ መደቦች ትይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በመንግሥት ሥራ ኮታ ጉዳይ እንዲህ አለ፤ በኋላም ለትምህርት ቅበላ ሠራ፦ ከእነዚህ ወደኋላ ቀሩ ከተባሉት መደቦች ውስጥ የበለጸጉት ቤተሰቦች ልጆች ከድጋፉ ይውጡ። እነሱን የሚጠሩበት ስም ከወተት የተወሰደ ነው፤ በኛ ቋንቋ ስልባቦት እንደማለት ነው። ወተቱን ለተራበው ልትሰጥ ስትል ስልባቦቱን አስቀድሞ የሚገፈው ያው የጠገበው ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ መለኪያውን ትምህርት ቤት አደረገችው፤ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ግማሽ መቀመጫ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሩ ሆነ፤ በዚያ ውስጥ ነው የቤተሰብ ገቢና ዘር የሚታየው። ቴክሳስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ከየትምህርት ቤቱ ከላይ ያሉትን 10 በመቶ ተማሪዎች ለክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ብቁ አደረገች። ሀብታም ሰፈርም ይሁን ድሃ ሰፈር፣ ከክፍልህ ቀዳሚ ከሆንክ በሩ ክፍት ነው።

የቴክሳሱ ሐሳብ ወሎ ላይ ቢሞከር ምን ይመስላል? ከየገጠሩ ትምህርት ቤት ሁለት ሦስት ቀዳሚ ልጅ ሬሜዲያል ይገባል፤ ማንም ስለ ክልሉ፣ ስለ ብሔሩ አይጠይቀውም። እኔ ይህን እመርጣለሁ። የአርብቶ አደር አካባቢ የሚለው መለኪያ አስቀድሞ ከክልል በታች ስለወረደ፣ ወደ ወረዳና ወደ ትምህርት ቤት መውረድ አዲስ ፈሊጥ አይሆንም። ዋጋው ግን አለ። ከየትምህርት ቤቱ ቀዳሚ የሆነ ልጅ አልጀብራው ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ አስገብቶ መተው ልጁን ገደል አፋፍ ላይ እንደማቆም ነው። አቅም ያነሰውን ከጠንካሮች መሃል መክተት ይጎዳዋል የሚሉ ምሁራንም አሉ፤ ነገሩ ዛሬም ያከራክራል። እኔ ካየሁት፣ ልጁን የሚጥለው ዝቅ ብሎ መግባቱ ሳይሆን ከገባ በኋላ የሚደግፈው ማጣቱ ነው።

ዶርምና ቅሬ

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የክፍሉ፣ በኛ አገር መልስ የሚያገኘው በነጥብ ሳይሆን በምደባ ነው። ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ ይመድባል። የጅማ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ልጅ አርባ ምንጭ ወይም ጅግጅጋ ይደርሰዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ካምፓሶች፣ ወልዲያ፣ ቱሉ አውሊያ ያለው መቅደላ አምባ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ነው ከየአቅጣጫው ተማሪ የሚቀበሉት።

መቀላቀል ግን መማር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ነውጡ ወደ ሌሎችም ካምፓሶች ተዛምቶ ነበር። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ጣራ የሚያድርበት ወሎ ላይ ይህ መሆኑ ብዙ ሰው አንገት አስደፍቷል። እኔንም አሳስቦኛል፦ እኛ ሰፈር የሚሠራው ግቢው ውስጥ ለምን አልሠራም?

መልሱ ቅሬ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሸሁም ቄሱም ይወጣል፤ ድንኳኑ የሁሉም ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ሠርግም ሲሆን የእስላሙና የክርስቲያኑ ተብሎ ሁለት ይታረዳል፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም አብሮ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የተለያዩ ሰዎች ሲገናኙ ጥላቻ የሚቀንሰው መቼ ነው ብሎ አራት ነገር ቆጥሮ ነበር፤ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ተባብሮ መሥራትና ከላይ የሚደግፍ ሥልጣን ወይም ደንብ። ሰውየው ቅሬን አላየም፤ የጻፈው ግን የቅሬን መተዳደሪያ ደንብ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ዶርሙን እዩት። ስድስት ልጅ በአንድ ክፍል ይመደባል፤ ደረጃው እኩል ነው፤ የጋራ ሥራ ግን የለውም። ካፌ ሲገቡ በቋንቋ፣ ማታ ሲሆን በሃይማኖት ይበተናሉ። አብረው የሚተኙ እንጂ አብረው የሚሠሩ አይደሉም። የቡድን ሥራውን እንኳ ብዙ ጊዜ የምናስመርጣቸው ራሳቸውን ነው፤ እነሱም የአገራቸውን ልጅ ይመርጣሉ። መምህሩ ቡድኑን ራሱ ቢመድብ፣ ለአንድ ሴሚስተር አንድ ውጤት ቢሰጣቸው፣ ምደባው ያልጨረሰውን ግማሽ ሥራ ይጨርሰው ነበር። ይህ በጀት አይጠይቅም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የተገነባው ሚኒስቴሩ መዳቢ ነው በሚል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በተራቸው ይሆናሉ ተብሏል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪያቸውን ራሳቸው መምረጥ ሲጀምሩ፣ እስከ ዛሬ በማዕከል የተያዘው የምደባ ሥራ የማን ይሆናል? የአሜሪካኖቹ ክርክር በእውነት የኛ የሚሆነው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ፣ በእርግጥ አጠር አድርጌ፣ ለጎረቤቴ በሌላ ቀን ነገርኳቸው። ወረዳ የሚለው ሐሳብ ደስ አላቸው። «እንግዲያ በወረዳ ይሁና!» አሉ። እውነቱን መደበቅ አልፈለግሁም። «እትዬ፣ በወረዳ ቢሆንም የእርስዎ ልጅ ደሴ ከተማ ነው የተማረው፤ ድጋፉ እሱን አይነካውም» አልኳቸው። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አነሡና ዝም አሉ።

ቆይተው «የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ናት» አሉ። «መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። እሷንስ?»

«እሷን ይነካታል።»

«እንግዲያ ያንን ያለፈ ዓመት ጥያቄ የምትለውን በወረቀት አውጣልኝ። ስንቋን የሚያደርስላት ሰው ቅዳሜ ከዚህ ይነሣል።»